የመለማመጃዋ ክንድ

በማሠልጠኛው የሚያጸዱትን ሴትዮ ሁሉም ሰው «እማማ ክንድ» ነው የሚላቸው። በየዓመቱ አዲስ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ለሥልጠና ሲመጡ፣ መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ሠልጣኙም ተራ በተራ ደም ግፊት መለካት ይለማመድባቸዋል።

ዛሬ ተራው የእኛ ነበር። ሁላችንም ያገኘነው ቁጥር የሚያስደነግጥ ነው። አሠልጣኛችን ግን ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን አይቶ ፊቱ በራ።

«ግሩም ነው፣ የሁላችሁም ልኬት ገጥሟል። ከነገ ጀምሮ መስክ መውጣት ትችላላችሁ።»

«ሴትዮዋስ?» አልኩት።

«እሱ የልምምድ ቁጥር ነው፤ ጥናቱ ውስጥ አይገባም» ብሎ ሰሌዳውን አጠፋው።

ደሜ ፈላ። ከየአገሩ ተሰብስበን፣ ጨውና ስኳር የዓለምን ሕዝብ ልብ እንዴት እንደሚጎዳ ስንማር ሰንብተናል። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ግን ከዓለም አልተቆጠሩም። በዚህ ላይ ደግሞ የምስክር ወረቀት ይሰጠናል።

መጥረጊያቸውን አንስተው ሲወጡ ተከትያቸው ወጣሁ። መተላለፊያው ላይ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

«እማማ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ራስዎን አያምዎትም?»

«ያመኛል እንጂ።»

«ታዲያ ሐኪም ቤት ለምን አይሄዱም?»

እንደ ሞኝ ልጅ አይተውኝ ሳቁ።

«ሄጄ ምን ልሠራ ልጄ? ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው በየዓመቱ እያየኝ? አንድ ነገር ቢኖርብኝ ኖሮ ዝም ትሉኝ ነበር?»