ቸርኬው ዝም ያለ ቀን

ስሚማ ሆዴ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ ስትወጪ፣ ያ ግንብ አጥር ያለው የወንዶች ትምህርት ቤት አለ አይደል? አዎ፣ የካቶሊኮቹ። ሴት አይቀበሉም፤ እሱን ተይው፣ ሌላ ቀን አብረን እንናደዳለን። የምነግርሽ ገና ሲከፈት የነበረውን ነው።

ያኔ ግንብም አልነበረውም። ሁለት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ የኒም ዛፍ፣ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ፣ አለቀ። ቸርኬው ደወል መሆኑ ነው። የሚመታው ወንድም ገዛኸኝ ነው፤ ከወላይታ ሶዶ የተላከ፣ ገና ወጣት፣ ቅስና እንኳ የሌለው መነኩሴ። ሰው ግን "አባ" ነው የሚለው። አስተማሪም እሱ፣ ጠራጊም እሱ፣ ዳይሬክተርም እሱ።

ዴስክ ሞልቷል፣ ተማሪ የለም። ሰዉ "ልጆቻችንን ካቶሊክ ሊያደርጓቸው ነው" ብሎ ፈርቷል። የመጡት ልጆች የፊቱን ረድፍ ቢሞሉ ነው። እሱ ግን በየማለዳው ባዶዎቹንም ዴስኮች ይወለውላል። የቆቦን አቧራ ታውቂው የለ? ጨርቁን ሳታራግፊ ዴስኩን እንደገና ያለብሰዋል።

የምታናግረው ሰው ብትኖር ማዶ ሻይ የምትሸጠው እትዬ አበበች ናት፤ እሷም ለመጨቃጨቅ።

"አንቱ አባ! ይሄ ብረትዎ እኮ የሞተ ይቀሰቅሳል!"

"ሰዓት እንዲሆንዎት ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ሰዓትስ አውራ ዶሮዬ ነበረ። እርስዎ ከመጡ ወዲህ አፍሮ ዝም አለ!"

ይስቃሉ። ከዚያ እሷ ወደ ማንቆርቆሪያዋ፣ እሱ ወደ ዴስኮቹ። ልጆቹ ሲወጡና ግቢው ጭር ሲል ኒሙ ሥር ይቀመጥና እናቱ ጋ ይደውላል።

"በላህ?" ትለዋለች።

"በላሁ።"

"ከማን ጋ?"

እዚህ ላይ ኔትወርክ የተቆራረጠ ያስመስላል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድሩ ማለቴ ነው፣ ልግባ ብሎ ሄደ። ያው ቅሬ የሌለው ሰው እኛ ጋ ሐዘን ቢደርስበት ማን አብሮት ይቀመጣል? ሰብሳቢው ጋሽ ወልደ ሚካኤል ወንበር ስበው አስቀመጡት።

"አባ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት። ሚስት የለዎ፣ ልጅ የለዎ፣ ነገ ሌላ አገር ይልኩዎታል። ቅሬ ምን ያደርግልዎታል?"

በትህትና ነው ያሉት። ትህትናው ነው የባሰው። አመስግኖ ወጣ።

ጥቅምት ላይ አንድ ማለዳ ስልኩ ጠራ። እህቱ ናት። እናታቸው አርፋለች። መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን ተዘግቶ ከጎብዬ ወዲያ መኪና የሚባል አያልፍም። ቀብሯ ላይ አይደርስም።

መምቻውን ይዞ ቸርኬው ሥር ቆመ። ሳይመታ መልሶ አስቀመጠው። ማን ጋ ሄዶ "እናቴ ሞተች" ይበል? የሰው በር አንኳኩቶ አልቅሱልኝ አይባል ነገር። ክፍል ገብቶ መጨረሻው ባዶ ዴስክ ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁን እንደያዘ፣ ምንም ሳይወለውል።

የእግር ኮቴ ሰማ። እትዬ አበበች ናት፣ የሻይ ማጥለያዋን እንደያዘች።

"አንቱ አባ፣ ዛሬ ምነው ብረቱ? አምባሻዬን አሳረሩብኝ እኮ! እሱን ሰምቼ ነበር የማወጣው!"

ጠጋ ብላ ፊቱን አየችው።

"እናቴ..." አለ።

"ውይ! ውይ በሞትኩት! እና ብቻህን ተቀምጠሃል? ለምን አልጠራኸንም?" አንቱታው የት እንደገባ እንጃ።

"ቅሬ የለኝም እትዬ። ማንን ልጥራ?"

ማጥለያዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ እነዚያን ባዶ ዴስኮች አንድ በአንድ አየቻቸው። ያለችውን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

"አብሽር ልጄ። ተነስ፣ ዴስኮቹን ወደ ኒሙ ጥላ አውጣ። ሰው ሲመጣ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?"