ባንድ አፍንጫ የመጣ ጉንፋን

በሥራ ቦታዋ ጠብታ ነው የሚሏት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ጠብታ ናሙና ስታፈስ ታይታ ስለማታውቅ ነው። የምትሠራው በአንድ የምርምር ተቋም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ጠባብ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሆስፒታል በበረዶ ሳጥን የሚመጡ ትንንሽ ብልቃጦችን ትቀበላለች። በብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ከሕመምተኞች ጀርባ በመርፌ የተቀዳ የአንጎል ውሃ ነው፤ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከቦ የሚኖረው ፈሳሽ። ሕመምተኞቹ ሁሉ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ናቸው፤ መኪና የገጫቸው፣ ከፎቅ የወደቁ፣ ደረጃ ያዳለጣቸው። የራስ ቅል ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ሾልኮ የሚገባ ጀርም አለ። ሆስፒታሉ ጀርሙን አሳድጎ እስኪለየው ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ጠብታና አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚለይ መሣሪያ እየሞከሩ ነበር።

እስከዚያ ሳምንት ድረስ አርባ አንድ ሰው በእጇ አልፏል። ዘጠኙ ሞተዋል። ስማቸውን አታውቅም፤ የብልቃጣቸውን ቁጥር ግን እንደ ስልኳ ቁጥር በቃሏ ትወጣዋለች።

እሑድ ከሰዓት ታላቅ ወንድሟን ልትጠይቅ ሄደች። ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነው፤ ጓደኞቹ ቡሩሽ ይሉታል። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ዛሬም ጋሼ ነው የምትለው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከመሰላል ወድቆ ግንባሩን ከመታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ጋር አጋጭቶ ነበር። ክሊኒክ ወስደው ሰፉት፤ "ዕረፍት አድርግ" አሉት፤ በአራተኛው ቀን ተመልሶ መሰላሉ ላይ ወጣ።

ሳሎን ተቀምጠው ሲጫወቱ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ አለ። ከቀኝ አፍንጫው ጥርት ያለ ውሃ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ቀና ሲል ውሃው ቆመ። በመሀረብ ጠረገና ወሬውን ቀጠለ።

"ምንድነው እሱ ጋሼ?"

"ጉንፋን ነዋ።"

"ባንድ አፍንጫ ብቻ?"

"ግማሼን ነው የያዘኝ፤ ግማሼ ሥራ ላይ ነው" ብሎ ሳቀ። ሚስቱም አብራው ሳቀች።

ጠብታ ግን እጇን የምትታጠብ መስላ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ጥጉ ላይ ካለው የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት የወንድሟን መሀረቦች አንድ በአንድ አውጥታ በጣቶቿ አሸቻቸው። ንፍጥ የጠጣ ጨርቅ ሲደርቅ ይገትራል፤ እንደ ካርቶን ይንኮሻኮሻል። እነዚህ ውሃ ብቻ ነክቷቸው የደረቁ ይመስል ለስላሳ ነበሩ። አምስቱም። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ተመልሳ መጥታ አጠገቡ ሆነች። ድምፅዋን እንደምንም አረጋግታ፣ "ጋሼ፣ ውሃው ወደ ጉሮሮህ ሲወርድ ጨው ጨው ይልሃል?" አለችው።

የቡሩሽ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። "ማን ነገረሽ?" አላት።

"ጉንፋን አይደለም። የአንጎልህ ውሃ ነው የሚፈሰው። ስትወድቅ አጥንትህ ተሰንጥቋል። ውሃ በሚወጣበት መንገድ ጀርም ይገባል። አሁኑኑ ተነስ ሆስፒታል እንሂድ።"

"አይ አንቺ! ሰው ሁሉ ብልቃጥ ሆኖ ነው የሚታይሽ" አለ። ግን ድምፁ ቀንሷል። "እስከ ሐሙስ አስረክባለሁ ያልኩት የትምህርት ቤት ሥራ አለ። አምስት ክፍል ቀርቶኛል። ሐሙስ ከሰዓት፣ ቃሌ ነው፣ ራሴ እመጣልሻለሁ።"

ለመነችው፤ ተቆጣችው፤ ሚስቱም አገዘቻት። እሱ ግን አንዴ እምቢ ካለ ተራራ ነው። በመጨረሻ ጠብታ "እሺ፣ ሐሙስ" ብላ ወጣች። ይቺ "እሺ" ናት ኋላ አንጀቷን ስትበላት የኖረችው።

ሰኞ ሙሉ ቀን ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ስትመልስ ዋለች። ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ሁለት ጊዜም "ደህና ነኝ፣ ሥራ አታስፈቺኝ" አላት። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። የወንድሟ ሚስት ናት። እያንሾካሾከች ነበር፤ እንዳይሰማት የፈራችው ነገር አጠገቧ ያለ ይመስል።

"እህትዬ፣ ወንድምሽ መኝታ ቤት ግድግዳውን እየቀባ ነው።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ቀለም የለውም። ቡሩሽም የለውም። በባዶ እጁ ነው የሚቀባው። 'ምን እያደረግክ ነው?' ስለው 'ብርሃኑን አጥፊልኝ' ይለኛል፤ መብራት አልበራም እኮ! ሰውነቱ እሳት ነው። አንገቱ ደግሞ... አንገቱ አይታጠፍም።"

ጠብታ ክው አለች። "ታክሲ ጥሪና ይዘሽው ነይ። ልብስ አትቀይሪለት፤ እንዳለ ይዘሽው ነይ!"

በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ጠበቀቻቸው። ሁለት ሰው ደግፎት ነበር የገባው። በፒጃማ ነው፤ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ጫማ አለ። ጠብታን አየት አደረገና፣ "አንቺ ልጅ፣ ነጩን ቀለም አቅጥነሽዋል" አላት። ያሳደጋት ሰው አላወቃትም። ማጅራት ገትር መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ አርባ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ያነበበችው ነገር አሁን ቆሞ ያናግራት ነበር።

ሐኪሟ ቀልጠፍ ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የጭንቅላት ሲቲ ስካን አስነስታ፣ ከጀርባው ፈሳሽ ቀዳች፤ ወዲያውኑም የተለመደውን መድኃኒት በደም ሥሩ አስጀመረችው። ፈሳሹ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስል ነበር። ነርሷ ለሚስቱ ወረቀት ዘርግታ፣ "ከመንገዱ ማዶ ለሚካሄድ ምርምር ጥቂት ናሙና ብንሰጥ ይፈቅዳሉ?" ስትል ጠየቀቻት። ሚስትየው ጠብታን አየቻት። ጠብታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችላት። ሚስትየው ፈረመች።

ያን ቀን መሣሪያው ላይ የተመደበችው ጠብታ ብቻ ነበረች፤ ባልደረባዋ ፈቃድ ላይ ነው። ከበረዶ ሳጥኑ ቀድማ መንገዱን ተሻግራ ጓንቷን አጠለቀች። ብልቃጡ መጣ። ቁጥር አርባ ሁለት። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የዘመዱን ናሙና የሚያውቅ ሠራተኛ እጁን ማንሳት አለበት። ጠብታ ግን አፏን ለጉማ ሥራዋን ቀጠለች።

ያ አንድ ሰዓት እንዴት አለፈ? በየደቂቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። ከመንገዱ የአምቡላንስ ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ አምቡላንስ ሕያው ሰው ይዞ እንደሚመጣ እያወቀች፣ ወንድሟን ይዞ የሚሄድ ይመስላታል። መሣሪያው ጢጥ ብሎ የውጤት ወረቀት አወጣ።

ጀርሙ ከአፍንጫ ጀርባ ተደብቆ የሚኖረው የታወቀው ዓይነት ነው። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ጀርሙ ሐኪሟ ያስጀመረችውን መድኃኒት የሚቋቋም ምልክት ተሸክሟል። ወንድሟ ደም ሥር ውስጥ የሚንጠባጠበው ነገር ለዚህ ጀርም ውሃ ነው ማለት ነው። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ እሷ ራሷ ያሳተመችው ማስጠንቀቂያ አለ፦ "ለምርምር ብቻ። ለሕክምና ውሳኔ አይውልም።"

ወረቀቱን ይዛ የፕሮፌሰሩን ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጋ ብለው አነበቡት።

"መሣሪያው እስካሁን ስንት ጊዜ ተሳስቷል?" አሏት።

"ከአርባ አንዱ ሦስት ጊዜ።"

"ስለዚህ ለማንም አንናገርም። ቁጥር አርባ ሁለት ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ማወቅም የለብንም።"

"እኔ አውቃለሁ ፕሮፌሰር። ወንድሜ ነው።"

ሰውየው ብድግ አሉ። "እና ይህን አሁን ነው የምትነግሪኝ? ብልቃጡ ሲመጣ ነበር እጅሽን ማንሳት!"

"እጄን ባነሳ ማን ይሠራው ነበር? እስከ ነገ ፍሪዘር ውስጥ ነበር የሚያድረው።"

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አንስተው፣ "የምታሳዪኝ ውጤቱን ነው ወይስ ፍርሃትሽን?" አሏት።

"ሁለቱንም" አለች ጠብታ። እንባዋ መጣ።

"የቀረ ናሙና አለ?"

"ለአንድ ጊዜ የሚሆን።"

"እኔ ልድገመው። አንቺ እንዳትነኪው፤ በሩ ጋ ቁሚ።"

እንግዲህ ሌላ አንድ ሰዓት። የፕሮፌሰሩ እጅ ሥራውን ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ሠሩ። ጠብታ በሩ ጋ ቆማ የወንድሟን ትኩሳት በሰውነቷ የምትቆጥር መሰላት። ሚስቱ በመሀል "ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን ገለበጠ፣ አሁን ተኝቷል" የሚል መልእክት ላከችላት። ወዲያው ልትሮጥ ፈለገች፤ ግን ባዶ እጇን ሄዳ ምን ትፈይዳለች? እዚያው ቆመች። ውጤቱ ወጣ፤ ያው ነው። ፕሮፌሰሩ ጋውናቸውን እንኳን ሳያወልቁ፣ "ነይ" ብለዋት መንገዱን ተሻገሩ።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ቆማ ሰማቻቸው። "በዚህ መሣሪያ ማከም አልተፈቀደልኝም" አለች።

"አውቃለሁ። እንዳይፈቀድ የሚለውን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ሌላም ችግር አለ። የሰውየው ኩላሊት ደክሟል፤ የዛሬው ምርመራ ጥሩ አይደለም። ሁለተኛውን መድኃኒት ከጨመርኩበትና መሣሪያችሁ ከተሳሳተ በከንቱ ኩላሊቱን እገድለዋለሁ። ካልጨመርኩና ትክክል ከሆነ ደግሞ..." አልጨረሰችውም። ዞር ብላ ጠብታን አየቻት። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

ጠብታን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ቢሞትስ? በእኔ ቃል ቢሞትስ? ዘጠኙን አሰበች፤ የሁሉም የሆስፒታል ውጤት የወጣው ከሞቱ በኋላ ነበር።

"ይጨመርለት" አለች በመጨረሻ። "ከሁለት ቀን በኋላ ለሚመጣ ውጤት ሁለት ቀን የሚቆይ አይመስለኝም።"

ሐኪሟ ፋይሉን ዘረጋች። "እሺ። ኩላሊቱን ጠዋትና ማታ እለካለሁ። ፕሮፌሰር፣ ውጤቱን እዚህ ይጻፉና ይፈርሙ። የማደርገውን ሁሉ በግልጽ ነው የማደርገው።" ፈረሙ። ጠብታም ከሥራቸው ፈረመች፤ "እህት" ብላ።

ረቡዕን በአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ዋሉ፤ ሚስቱ በአንድ በኩል፣ እህቱ በሌላው። ቡሩሽ አንዴ ዓይኑን ይከፍታል፤ ማንንም አያይም። ጣቶቹ አንሶላውን ወደላይና ወደታች ይቀባሉ። እነዚያ ጣቶች ሲቆሙ ሁለቱም ሴቶች ብድግ ይላሉ፤ መልሰው ሲንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ የኩላሊቱን ውጤት ይዛ መጣች፤ ትንሽ ብሷል። ሚስቱ፣ "እኔ እኮ ነኝ የፈረምኩት፤ እኔ ነኝ" እያለች ደረቷን ደቃች። ጠብታ እጇን ያዘቻት።

ሐሙስ ጠዋት የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ያሳደገው ጀርም ውጤት መጣ። መሣሪያው አልተሳሳተም። ሐኪሟ ራሷ መጥታ ነገረቻቸውና፣ "የመጀመሪያው መድኃኒት ብቻውን ቢሆን ዛሬ አናወራም ነበር" ብላ ቶሎ ወጣች። አርብ ትኩሳቱ ወረደ። ኩላሊቱም ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አገገመ። ቅዳሜ ቡሩሽ ሚስቱን በስሟ ጠራት፤ ሴትየዋ ኮሪደር ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። በሦስተኛው ሳምንት ቀዶ ሐኪሞች ስንጥቁን ደፈኑለት። ግራ ጆሮው ግን በሕመሙ ምክንያት ከዚያ በኋላ አልሰማም።

የምርምሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፕሮፌሰሩንም ጠብታንም ጠርቶ ጠየቀ። ጠብታ ዝምድናዋን በመደበቋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ለሦስት ወርም ከናሙናው ሥራ ታገደች። አልተከራከረችም። ኮሚቴው ግን ደንቡንም ቀየረ፤ ከአሁን በኋላ መድኃኒት የሚቋቋም ጀርም ከታየ ለሐኪሙ በዚያው ሰዓት ይነገራል።

ቡሩሽ ቤቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጠብታ ልትጠይቀው ሄደች። ከስቷል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። በቀኙ በኩል አስቀመጣትና፣ "ከማክሰኞ እስከ አርብ ምንም አላስታውስም። ሰው ሁሉ 'ተረፍክ' ይለኛል፤ ከምን እንደተረፍኩ ግን የሚነግረኝ የለም። አንቺ ንገሪኝ" አላት።

ነገረችው። ግድግዳውን፣ አንድ እግር ጫማውን፣ ሩዝ የታጠበበት የሚመስለውን ውሃ፣ ፕሮፌሰሩ ጮክ ብለው ሲቆጥሩ በሩ ጋ የቆመችበትን ሰዓት። እሱም መጀመሪያ "አይ ጉድ" እያለ ሰማ። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟ "አንቺ ምን ትያለሽ?" ብላ የጠየቀቻት ጋ ስትደርስ፣ ቡሩሽ ድንገት እጇን ያዛት። መዳፉ በላብ ርሷል።

"በቃ" አላት። "እዚያ ላይ ተይው። ቀሪውን ሌላ ቀን።"

ሚስቱ ውሃ አመጣችለት። ብርጭቆውን ሲቀበል ጠብታ ከታች ደገፈችለት።