ገመዱን ይዘሽ ነይ

...ደግሞ ቋጠሮው አይፈታም፣ እናቷ ሾዴ ጠዋት ስታስር የቀራትን ጉልበት ሁሉ እዚህ ገመድ ላይ የጨረሰችው ይመስላል፣ ግልገሏን ስጪ፣ ገመዱን ግን ይዘሽ ነይ፣ የቤቱ ገድ አብሯት እንዳይወጣ፣ እሺ እማዬ፣ ሊሚ ሁልጊዜ እሺ ነው የምትለው፣ ዩኒቨርሲቲውንም እሺ እያለች ነው የጨረሰችው፣ አሁን ደግሞ ጉለሌ፣ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ተንበርክካ ቋጠሮ በጥፍሯ ትፈለቅቃለች፣ እትዬ ሳቢት ከፊቷ ቆመው ይጠብቃሉ።

ተረኛዋ እሳቸው ናቸው። ማኅበሩ የሚያበድረው ብር አይደለም፣ በግ ነው፣ ስትወልድልሽ አንዲት ሴት ግልገል ለቀጣይዋ ሰጥተሽ ከዕዳ ትወጫለሽ፣ በቃ፣ ሾዴ ዛሬ ልትወጣ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ እንጨት ስትሸከም የጎበጠችው ሾዴ፣ በጓ መንታ ሴት ስትወልድላት እልል ያለችው፣ ነጯ የማኅበሩ፣ ጥቁሯ የኔ፣ ለክረምት ጥቁሯን ሸጬ ጣሪያዬን ቆርቆሮ አለብሳለሁ።

ነጯ ግን ሳለች።

ከሊሚ በቀር የሰማ የለም። የእጽዋት ማዕከሉን አጥር ታክከው ሲወርዱ፣ ደረቅ ሳል፣ እንደ ሰው፣ ቆየት ብላ ደግሞ፣ አቧራ ነው አለች ለራሷ፣ የማኅበሩ የከብት ሐኪም አክሊልም የግልገሏን ዓይንና ጥርስ አይቶ ጤነኛ ናት ብሎ አለፈ፣ ሊሚን አልጠየቃትም፣ ሳይጠይቁ ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ፣ ታማለች ከተባለ እኮ በምትኳ የምትሄደው ጥቁሯ ናት፣ ቆርቆሮው ነው የሚሄደው።

ሰው ዝምታዋን ጨዋነት ይለዋል፣ የሾዴ ልጅ፣ ድምጿ እንኳ አይሰማ፣ ፍርሃት መሆኑን እሷ ታውቃለች፣ ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት አፍራ ሰፈሯን አልፋ ዊንጌት ድረስ ሄዳ በእግሯ የተመለሰችው ሊሚ፣ ሼም፣ ያኔ ግን የተጎዳው የራሷ እግር ብቻ ነበር።

አንቺ የሾዴ ልጅ፣ ዲግሪሽ ቋጠሮ አይፈታም እንዴ! እትዬ ሳቢት ይስቃሉ፣ ቀልዳቸው ክፋት የለውም፣ ከእናቷ ጋር ስንት ዘመን እንጨት ያወረዱ ሴት ናቸው፣ በረቷን ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ ይቺን ደግሞ ሌሊት እንዳይበርዳት፣ ብለው በብብታቸው የያዙትን ጆንያ ያሳዩአታል፣ አጥበውታል፣ ለምን አሳዩኝ፣ ብትሞትባቸውም እኮ ዕዳው አይሞትም፣ ያለ በግ ግልገል ከየት አምጥተው ይመልሳሉ።

ቋጠሮው ላላ።

ሊሚ ታየዋለች። መልሳ ታጠብቀዋለች።

እትዬ ሳቢት፣ ትስላለች። ምን አልሽኝ የኔ እናት፣ ጮክ በይ። ጠዋት ስንወርድ ሳለች፣ ሁለቴ፣ ሰምቻታለሁ። ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ዞሮ ያያታል፣ አንገቷ ይግላል፣ ግን ያው ወራጅ አለ እንደማለት ነው፣ አንዴ ካሉት መኪናው ይቆማል፣ አክሊል ይመለሳል፣ ጆሮውን ግልገሏ ጎን ላይ ይለጥፋል፣ እ... ልክ ነሽ፣ ደረቷን ትንሽ ያፍናታል፣ መርፌ እወጋታለሁ፣ ትድናለች፣ ዛሬ ግን አትሰጥም። ነገ ጥቁሯን አመጣለሁ፣ ትላለች ሊሚ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እትዬ ሳቢት ተዪው አይሉም። እንዴት ይበሉ፣ ተራቸውን ሲጠብቁ ከርመዋል። ሾዴ ትገልሻለች ብቻ ይላሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆንያውን ነጯ ጀርባ ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ውሰጂላት፣ ለታመመችው ነው የሚያስፈልገው።

ዳገቱ። ባሕር ዛፉ። ሾዴ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ ቁጣዋ ከሩቅ ይታያል፣ ይታይ፣ ገመዱን ይዘሽ ነይ ነው ያለችው፣ ይዛለች፣ ጫፉ ላይ ግልገል አለች እንጂ፣ እሷም ጆንያዋን ለብሳ እንደ ወይዘሮ ትራመዳለች፣ መንገዱን ሙሉ አንዴ እንኳ አልሳለችም።

አንቺ አታፍሪም? ትላታለች ሊሚ ግልገሏን፣ ጮክ ብላ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት።