ሁሉንም ድምፅ

አባቴ ድምፃቸውን የሚያጡበት ቀን በፖስታ መጣልን። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ እንዳይቀምሱ። ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለውን ነገር ለማውጣት ማንቁርታቸውን እንዳለ ማውጣት የግድ ሆኖ ነበር። ደብዳቤውን በስዊድንኛ አነበብኩት፣ በአማርኛ ነገርኳቸው፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ሶለንቱና ባለ የአረጋውያን ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንበብ ለምጄዋለሁ።

አባቴ ግን "ሳይሄድ ድምፄን አስቀርልኝ" አሉኝ። መንዙማቸውን ማለታቸው ነው። በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ ከሸኻቸው እግር ሥር ተቀምጠው የያዟቸው ስድስት መንዙማዎች ነበሯቸው። የትም አልተቀዱም። እዚህ ስዊድን፣ አካላ የሚባለው ሰፈር መጥተው ከእኔና ከልጄ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ስንት ጊዜ "ልቅዳዎት" ብያቸዋለሁ፤ "መንዙማ ውኃ ነው እንዴ የሚቀዳው?" ብለው ይስቁብኛል። አሁን ራሳቸው ጠየቁኝ።

ጊዜው በፈረንጆች 2006 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ኮምፒውተር ነበረን፣ ማይክሮፎን ገዛሁ። የስቱዲዮ ሞኒተር የሚሏቸውን ሁለት ያገለገሉ ስፒከሮችም ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ከኪስታ በአውቶቡስ አቅፌያቸው መጣሁ። ለአንድ ሽማግሌ ድምፅ እንዲህ ያለ ስፒከር ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ሐኪሙ እኔ ላደርግላቸው የምችለው ነገር እንደሌለ ነግሮኛል። ገመድ መሰካት ግን እችላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴን መኝታ ቤት ማይክሮፎኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ግድግዳው እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ሰቅዬ በሩን ዘጋሁ። የማይክሮፎኑ ገመድ በበሩ ሥር ሾልኮ ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ድረስ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ኢናስ ሄድፎን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተቀመጠች። እኔ ስፒከሮቹን ይዣለሁ።

ገና ሳበራቸው እምምም የሚል ጩኸት ሳሎኑን ሞላው። ንብ የሞላው ቀፎ ነው የሚመስለው። ሶኬት አልበቃ ብሎኝ ኮምፒውተሩን ከሳሎኑ፣ ስፒከሮቹን ደግሞ በማራዘሚያ ከወጥ ቤቱ ሰክቻቸው ነበር። ገመዶቹን ነቅዬ ሰካሁ። መብራቱን አጠፋሁ። ማቀዝቀዣውን ሳይቀር ነቀልኩት። እምምም። በዚህ መሃል አባቴ "ቢስሚላህ" ብለው ጀመሩ። ድምፃቸው ከጩኸቱ ጀርባ ይመጣል። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ፣ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እፈልጋለሁ። በየመሃሉ "ተበላሸ! ይሄ አይረባም!" እላለሁ። ኢናስ ዞር ብላ ታየኝና ወደ ኮምፒውተሯ ትመለሳለች።

ስድስቱንም ጨረሱ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ሲወጡ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ መሀረባቸው ላይ ደም አለ።

"እህ፣ እንዴት ነው?" አሉኝ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ብቻ ሆኗል።

"ጩኸት አለው አባባ። ግን ይጠራል፣ አይጨነቁ።"

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ጋደም አሉ። ከዚያች ቀን ወዲያ አንዲት ስንኝ እንኳ ማዜም አልቻሉም።

እሑድ ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ጩኸት ከቅጂ ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዳለ ከሰው ሰምቻለሁ፤ ኢናስ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ጫማዬን እያሰርኩ ጠራኋት።

"ኢናስ፣ እስክመለስ ያንን ድምፅ አጥፊልኝ።"

"አልት?" አለችኝ በስዊድንኛ። ሁሉንም ወይ ማለቷ ነው።

"ሁሉንም። አንድም እንዳይቀር።"

"ኧር ዱ ሴከር?" እርግጠኛ ነህ ወይ ማለቷ ነው።

"ሴከር ነኝ። ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው" ብያት ወጣሁ።

ማታ ስመለስ "አጠፋሁት" አለችኝ። "ጎበዝ" አልኳት። ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም። ያንን ጩኸት ዳግም መስማት አልፈለግኩም። ሰኞ ልብሳቸውን አዘጋጀን፤ ማክሰኞ ወሰድኳቸው። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው በደንብ ሄዷል አሉ፤ "ታክ" ብዬ አመሰገንኳቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት ተመላለስኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "ደህና ናቸው" እላለሁ። ደንዝዤ ነበር፤ እጄን ቢቆርጡኝ የሚያመኝ አይመስለኝም።

አባቴ ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የስፒከሮቹን ጩኸት እንዲያይልኝ ወንድይራድን ጠራሁት። ወንድይራድ ኪስታ የቴሌኮም መሐንዲስ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ገና እንደገባ ሶኬቶቹን አጎንብሶ አያቸው።

"ታሪቅ፣ ይሄ የሳሎኑ ዩርዳድ አይደለም" አለኝ። "የመሬት መስመር የለውም። የወጥ ቤቱ አለው። በእነዚህ በድሮ ቤቶች እንዲህ ነው። አንዱን ዕቃ ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ስትሰካ የማይፈለገው ኤሌክትሪክ በድምፅ ገመድህ ላይ መንገድ ያበጃል። አንዳንዱ ሰው የመሬቱን መስመር በፕላስተር ሸፍኖ ዝም ያሰኘዋል፤ እንዳትሞክረው፣ ይገድልሃል።"

ሁሉንም ዕቃ ከወጥ ቤቱ በሚመጣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካው። ቀጫጭኖቹን የድምፅ ገመዶች ባመጣቸው ባለ ሦስት ጥርስ ወፋፍራም ገመዶች ቀየራቸው። የኤሌክትሪኩን ገመድ ከድምፁ ገመድ አራቀው። ስፒከሮቹን አበራቸው። ምንም የለም። ፀጥ።

"በል እስቲ አባባን አሰማን" አለኝ እጁን እያራገፈ።

ፋይሎቹን ብንፈልግ የሉም። ኢናስን ከክፍሏ ጠራኋት።

"አጥፊው ስላልከኝ አጠፋሁት" አለች በስዊድንኛ። "ዲስኩም ሞልቶ ስለነበር ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ሳይቀር ደመሰስኩት።"

"ጩኸቱን ነበር እኮ ያልኩሽ!"

"ብሩስ አላልከኝም። ድምፅ ነው ያልከኝ።" ፊቷ ቀላ። "በሄድፎኑ የምሰማው ድምፅ የአያቴ ብቻ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ አይረባም ስትል ዋልክ። እንደገና የምንቀዳ መስሎኝ ነበር።"

ለስዊድኖቹ ጩኸት ብሩስ ነው፤ የሰው ድምፅ ደግሞ ሮስት። በእኛ ቋንቋ ያንንም ይህንንም ድምፅ ብዬ ጠራሁት። ወንድይራድን አየሁት። ዓይኑን ገመዶቹ ላይ ተክሎ "እውነቷን ነው" አለ ዝግ ብሎ። "ጩኸቱ ስፒከሩ ውስጥ ነበር እንጂ ቅጂው ውስጥ አልነበረም። ንጹሕ ነበር የተቀዳው።" የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አምጥቶ እስኪመሽ ለፋ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ኢናስ ክፍሏ ገብታ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር፤ ገብቼ አላባበልኳትም።

በማግስቱ አባቴን አመጣኋቸው። አንገታቸው ላይ ያለችውን ቀዳዳ በስስ ጨርቅ ሸፍነዋል። የሚጽፉባት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ይዘዋል። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ "አሰማኝ" ብለው ጻፉና ወደ ስፒከሮቹ ጠቆሙ።

ኢናስ በሩ ላይ ቆማለች። እሷን ማየት አልፈለግኩም።

"ጠፍቷል አባባ" አልኩ። "ስድስቱም ጠፍተዋል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። ሰሌዳውን በእጅጌያቸው ጠርገው ቀስ ብለው ጻፉ፤ "እኔም ከሸኼ የያዝኩት በጆሮዬ ነው። ያን ቀን ሰምተኸኛል?"

ሰምቻለሁ ማለት ቀላል ነበር። ከእሳቸው የሚለየኝ አንድ በር ብቻ ነበር፤ ድምፃቸውም በሁለት ስፒከር ይመጣልኝ ነበር። ከስድስቱ አንዲት ስንኝ ለማስታወስ ሞከርኩ። የመጣልኝ ያ እምምም ብቻ ነው።

"አልሰማሁም አባባ" አልኳቸው። "ጩኸቱን ነበር የማዳምጠው።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰሌዳውን ሳይጠርጉ ወደ ኢናስ አዞሩት። የአማርኛ ፊደል ቶሎ አይገባትም፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችውና ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። አባቴ ፈቀቅ ብለው ሶፋውን መታ መታ አደረጉላት። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ምቱን ሰጧት። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ በሚንቀጠቀጥ ቀጭን ድምፅ አንድ ዜማ ጀመረች። ስትስት መዳፋቸውን ያነሳሉ፣ ስታቀናው ይመልሱታል።

እኔ መሃል ሳሎን ቆሜ ቀረሁ። ዜማውን አላውቀውም ነበር። በእነዚያ ሳምንታት አንዳች ነገር ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ በገዛ ልጄ ቀናሁ።