የሰይዳ አሻንጉሊቶችና የሀስና ድመት

ሀስና ቅናት የሚባለውን ነገር የምታውቀው በሌላ ሰው ላይ ነበር። እሷ እቴ! ምን ጎድሏት? ባሏ ሸረፈዲን ቆቦ ከተማ ውስጥ በርና መስኮት በመበየድ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ጓዳዋ ከጤፍና ከማሽላ ጎድሎ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኢክራማ አለችላት። አንዲት ልጇ ናት፣ ስምንት ዓመቷ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ እናቷ ጉያ ውስጥ ውሽቅ ብላ፣ የዋለችበትን አንድ ሳታስቀር የምትተርክ ልጅ።

ይኼ ሁሉ እንግዲህ ሰይዳ ከጅዳ እስክትመጣ ድረስ ነበር።

ሰይዳ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ከሀስና ግቢ ጋር አጥር የሚጋራውን የብሎኬት ቤት ተከራየች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። የሰፈሩ ሰው ወርቅ ይዛ መጥታለች ብሎ ሲያወራ ሰንብቶ፣ ሻንጣው ሲፈታ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? አሻንጉሊት! አሥራ አራት አሻንጉሊት! ያሳደገቻቸው የአረብ ልጆች ከፍ ከፍ ሲሉ የጣሏቸውን እየሰበሰበች፣ አጥባ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ፣ ልብስ በእጇ ሰፍታላቸው ኖሯል። አንዷን የራያ ቀሚስ አልብሳታለች፤ አንዷን የአፋር ሽርጥ አስታጥቃታለች፤ ለአንዷ ደግሞ አውራ ጣት የምታክል ቦርሳ አንግታላታለች። ባለ መስታወት ቡፌ ገዝታ ሳሎኗ ውስጥ ገተረችና ሁሉንም እዚያ ደረደረቻቸው።

"ወይ ጉድ! ሰው ከአረብ አገር ቤት የሚሠራበትን ይዞ ይመጣል፤ እሷ አሻንጉሊት ተሸክማ መጣች!" ብላ ሀስና ከልቧ ሳቀች። የሳቀችው ግን ኢክራማ ያንን ቡፌ እስካየች ድረስ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያማ ልጅቷ የለችም በሏት። ቦርሳዋን በር ላይ ጣል ታደርግና በቆርቆሮው አጥር ሽንቁር ሾልካ ቀጥ ሰይዳ ቤት። ስትመለስም ወሬዋ ሌላ አይደለም። "እትዬ ሰይዳ እንዲህ አለች። እትዬ ሰይዳ ሹሩባ አሠራር አሳየችኝ። እማ፣ እትዬ ሰይዳኮ ስትስቅ ጥርሷ ሲያምር!"

ሀስና የራሷን ጥርስ በምላሷ ዳበሰችው።

አንድ ቀን እራት ላይ ደግሞ ልጅቷ አፏን ሞልታ፣ "እትዬ ሰይዳኮ እነሱን ሁሉ 'ልጄ' ነው የምትላቸው። እኔንም 'ልጄ' ትለኛለች" አለች። ሀስና የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"ያንቺ ነኛ!"

"እንግዲያው ሌላ ሰው 'ልጄ' ሲልሽ 'አቤት' እንዳትዪ።"

ሸረፈዲን ሳቀ። "ኧረ ተይ አንቺ ሴት! አንቺ ራስሽ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ልጄ ስትዪ ትውዪ የለም እንዴ?"

ወንድ ልጅ ምን ያውቃል! አንጀቷ ሲያርር አይታየው። በዚያን ቀን ሀስና የሆዷን በሆዷ አድርጋ ዕቃውን አነሣች። ግን ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም፤ እንደ ቃር ከደረቷ እየተነሣ እስከ ጉሮሮዋ ይመጣባት ጀመር።

በመጀመሪያ ሰይዳን በዲን፣ በሃይማኖት በኩል መጣችባት። በማግስቱ ሰይዳን አጥሩ ጋ ጠርታ፣ "እህቴ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። ምስል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ እዚያው ሳሎን ነው የምትሰግጂው" አለቻት። ትከራከረኛለች ብላ መልሱን ሁሉ አዘጋጅታለች። ሰይዳ ግን የሀስናን ሁለት እጅ ይዛ፣ "ጀዛኪላሁ ኸይረን! እንዳንቺ ያለ የሚመክረኝ ጎረቤት ስለሰጠኝ አልሀምዱሊላህ" አለችና፣ በሦስተኛው ቀን ለቡፌው አረንጓዴ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለችለት። ሰላት ሲደርስ ትጋርደዋለች፤ ሰግዳ ስትጨርስ ትገልጠዋለች። መጋረጃውን የመግለጡ ሥራ ለማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ለኢክራማ!

እሺ፣ ይኼም አለፈ። ሀስና ተስፋ የምትቆርጥ ሴት አይደለችም። የእህል ጎተራዋን የምትጠብቀው ድመቷ በዚያ ሰሞን ማሽላው ጆንያ መሀል ሦስት ግልገል ወልዳ ነበር። ሁለቱ ጨዋ ናቸው። ሦስተኛዋ ግን፣ ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉሯ፣ አላህ ያውጣው! መጋረጃ ላይ የምትንጠላጠል፣ ክር ያየች እንደሆነ የምታብድ፣ ብርጭቆ የተቀመጠበትን ቦታ እየመረጠች የምትሄድ። ሀስና አየቻትና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"አይጥ እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነው" አለች ግልገሏን በሻሽ ጠቅልላ ስታስረክብ። ሰይዳ ግልገሏን ጉንጯ ላይ አስጠግታ እንባዋ መጣ። "ከመጣሁ ወዲህ ነፍስ ያለው ነገር የሰጠኝ የለም፣ ሀስና" አለቻት። ሀስና ትንሽ ደንገጥ አለች፤ ግን ቶሎ አለፈላት።

ከዚያማ በየቀኑ የመስታወት ድምፅ ስትጠብቅ ዋለች። የመጣላት ግን ድምፅ ሳይሆን የኢክራማ ወሬ ነው።

"እማ፣ ድመቷ የቡፌውን በር በእጇ ከፈተችው። እትዬ ሰይዳ ግን መቀርቀሪያ አስገባችለት!"

"እማ፣ እትዬ ሰይዳ ሻማ አቅልጣ አሻንጉሊቶቹን በጫማቸው ሥር አጣበቀቻቸው። ብትገፊያቸውም አይወድቁም!"

"እማ፣ የቡፌውን እንጨት በሎሚ አሸነው። ድመት የሎሚ ሽታ ትጠላለች፣ ታውቂያለሽ? ከዚያ መስኮቱ ጋ ካርቶን አስቀመጥንላት፣ ጆንያ አነጠፍንበት፣ አሁን እዚያ ላይ ነው የምትተኛው!"

አሸነው፤ አስቀመጥንላት፤ አነጠፍን። ሀስና ድመቷን አልሰማችም፣ ሎሚውንም አልሰማችም፤ የሰማችው ያንን "እኛ" ብቻ ነው። ሰይዳ ልጇን በአሻንጉሊት የወሰደችባት ሳያንስ፣ ሀስና ራሷ በገዛ እጇ ድመት ጨምራ ሰጠቻት! አሁን ልጅቷ ለሁለት ነገር ነው የምትሄደው። "ይበልሽ!" አለች ለራሷ፣ ጤፉን እያበጠረች። "ይበልሽ፣ አንቺ ደደብ!"

ሁለት ወር አለፈ። ድመቷ አደገች፣ ወፈረች፣ ካርቶኑ ሰለቻት። አንድ ረፋድ ሰይዳ አጥሩ ጋ መጣች።

"ሀስናዬ፣ ይቺ ጉደኛ ድመትሽ ደግሞ ከመስኮቱ ቡፌው አናት ላይ መዝለል ጀምራለች። ወለሉ ትንሽ ያዘነብላል፤ በዘለለች ቁጥር ቡፌው ወዲህ ወዲያ ይላል። ሸረፈዲን በሁለት ብረት ከግድግዳው ጋር እንዲያስርልኝ ንገሪልኝ እስቲ። ለአሻንጉሊቱ አይደለም፤ ኢክራማ ሁልጊዜ እዚያ ሥር ነው የምትጫወተው፣ እፈራለሁ።"

ብቻዋን የምትኖር ሴት የሰው ባል ሱቅ ድረስ ሄዳ "ና ቤቴ ሥራልኝ" አትልም። በሚስቲቱ በኩል ታስነግራለች፤ የሰፈሩ ደንብ ነው። ሰይዳም ደንቡን ጠብቃ መጣች።

"ምን ችግር አለ፣ እነግረዋለሁ" አለች ሀስና።

አልነገረችውም። መጀመሪያ ልጄን፣ አሁን ደግሞ ባሌን! ሸረፈዲን መሰላል ላይ ቆሞ፣ ሰይዳ ከሥር ጭማቂ ይዛ፣ ያንን ጥርሷን ገልጣ፣ "ቀስ በል እንዳትወድቅ" ስትለው ታያት። ደሟ ፈላ። ኢክራማ ደግሞ በመሀል ብሎን ስታቀብል! ሦስቱ አንድ ቤት ውስጥ፣ እሷ በአጥሩ ሽንቁር ስታይ! ሞቼ ነው ቆሜ፣ አለች።

ሰይዳ በሳምንቱ ጠየቀች። "ሥራ በዝቶበት ነው፣ ኢንሻአላህ ሰሞኑን" አለቻት። አላህን እየጠራች ነው የዋሸችው፤ ያን ቀን ስትሰግድ ጥሩ ስሜት አልተሰማትም። ሰይዳ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። "የወፍጮ ቤት በር ሊበይድ ዋጃ ሄዷል" አለቻት። ሸረፈዲን በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ ምሳውን እየበላ ነበር።

እሱም አንድ ማታ ጫማውን እያወለቀ፣ "ሰይዳ ዛሬ መንገድ ላይ አገኘችኝና 'ሥራው ቀለል አለልህ?' አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?" አለ።

"እኔ ምን አውቄ! ለሰላምታ ያህል ይሆናላ።"

"እሱስ ነው" አለና ተወው። ሀስና ግን ያን ሰሞን እንቅልፏ ቀነሰ። ነገ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ልጇ በአጥሩ ስትሾልክ ታያለች፤ እንደገና ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሐሙስ ቀን ነው። የቆቦ ፀሐይ አናት ይበሳል። ሀስና ግቢው ውስጥ በርበሬ እየቀነጠሰች ሳለ፣ ያ ሦስት ወር ሙሉ የጠበቀችው ድምፅ መጣ። መጀመሪያ አንድ ከባድ "ድም"፣ ከዚያ የመስታወት መንኮታኮት። ከዚያ የልጅ ጩኸት።

"ኢክራማ!"

በሽንቁሩ እንዴት እንዳለፈች አታውቅም። ሻሿ ቆርቆሮው ላይ ቀረ። ስትገባ ቡፌው በፊቱ ተደፍቷል፤ የተደፋው ግን ወለሉ ላይ አይደለም፣ ሰይዳ ጀርባ ላይ ነው። ሰይዳ በጉልበቷና በአንድ እጇ ወለሉን ተደግፋ፣ ሌላው ክንዷ ተጣምሞ፣ ከትከሻዋ ደም እየወረደ፣ እንደ ድንኳን ተወጥራለች። ኢክራማ ከሥሯ ተኮራምታለች።

"ያዢው... ብቻ ያዢው፣ ልጅቷ ትውጣ" አለች ሰይዳ በተቆረጠ ትንፋሽ።

ሀስና ጮኸች። ጎረቤት ተጠራራ፣ ሸረፈዲን ከሱቁ በሩጫ ደረሰ፣ ቡፌው ተነሣ። ኢክራማ ክርኗ ላይ ከመጫር በቀር ምንም አልሆነችም። ሰይዳን በባጃጅ ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ። ስትመለስ ግራ ክንዷ በጀሶ ታስሯል፣ ጀርባዋ ሰባት ቦታ ተሰፍቷል። ዘልላ ቡፌውን የጣለችው ድመት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጣራ ላይ ነበረች።

ሀስና ያንን መስታወት ስትጠርግ ዋለች። አሻንጉሊቶቹ፣ ሱብሃነላህ፣ ከሁለት በቀር ሻማው ይዟቸው ከነመደርደሪያቸው ደህና ናቸው። እያንዳንዷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገቻቸው። ያቺ ባለ ቦርሳዋ ግን አንገቷ ተሰብሯል፤ ሀስና እሷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ኢክራማ ከእናቷ ቀሚስ አልተለየችም። የትም ብትሄድ አብራ ትሄዳለች፤ ስትቀመጥ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ እጇን ይዛ። ሀስና ይኼን እጅ ስንት ወር ናፍቃዋለች! አሁን ይኸው፣ መዳፏ ውስጥ ነው።

ሰይዳ ፍራሹ ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ሸረፈዲን ግድግዳውን እየዳበሰ፣ ወለሉን በእግሩ እየለካ ቆሟል። ተናደደ።

"እንዲህ ያለ ነገር ሳያስሩ ይቆማል? ምነው ሰይዳ፣ ምናለ ብትነግሪኝ? የሁለት ብረት ሥራኮ ነው! የአንድ ሰዓት ሥራ!"

 ሰይዳ ሀስናን አየቻት። አተኩራ ነው ያየቻት። አሁን ትናገራለች፣ አለች ሀስና በልቧ፤ አሁን አለቀልኝ። ሰይዳ ግን ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣

"ለሀስና ነግሬያት ነበር" አለች። "ሥራ በዝቶባት ረስታው ነው። ሰው ነን፣ እንረሳለን። ረስተሽው ነው አይደል፣ ሀስና?"

የማምለጫውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችላት። በተሰበረ ክንዷ! ሀስና "አዎ" ካለች አለቀ፣ ደቀቀ። ባሏ ትንሽ ይቆጣል፣ ሁለት ቀን ያኮርፋል። ልጇ እጇን እንደያዘች ወደ ቤት ትሄዳለች። ከዛሬ በኋላ ኢክራማ ይኼን ቤት ፈርታ ላትመጣም ትችላለች። የፈለገችው ሁሉ በአንዲት ቃል። ቃሏ ምላሷ ላይ ደርሳለች፤ አፏን ከፈተች።

የሰይዳ ቀሚስ ጀርባው ላይ አሁንም ደም ነበረበት።

"አልረሳሁም" አለች።

ሸረፈዲን ዞረ። "ምን አልሽ?"

"አልረሳሁም። ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። ልጅቷ እዚያ ሥር ትጫወታለች ብላም ነግራኛለች። ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ቀንቼ ነው።" ወደ አሻንጉሊቶቹ አመለከተች። "ድመቷንም ያመጣኋት እነዚህን እንድትሰብር ብዬ ነው።"

ሸረፈዲን "አስተግፊሩላህ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሰይዳ ዓይኗን ጨፈነች።

ኢክራማ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። አንዴ ሰይዳን፣ አንዴ እናቷን። ስምንት ዓመት ለመረዳት ትንሽ ዕድሜ አይደለም። እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች፤ ተነሣች፤ ሄዳ ከሰይዳ ጎን፣ ደህነኛው ክንዷ ሥር ተቀመጠች።

ሀስና ነይ አላለቻትም።