ቁም ሳጥኑ መሬት እስኪነካ

አለቃ ከሆነች ገና ሳምንቷ ነው፤ እስካሁን የሁለት ደንበኛ ግድግዳ አስቧጥጣለች። የዕቃ ማጓጓዣው ባለቤት፣ ቆፍጣናዋ ሴትዮ፣ ጠዋት ጠርታ፣ "ሦስተኛ ግድግዳ ከተነካ አለቅነቱን ለአጎትሽ እሰጠዋለሁ" አለቻት።

ችግሩ ደግሞ አጎቷ ራሱ ነው። ያሳደጋት የእናቷ ወንድም፣ ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ የተሸከመ ሰው። ከቅጥነቱ የተነሳ "ዝሆኑ" የሚሉትን ሌላውን ተሸካሚ "ቀኝ" ብትለው ቀኝ ይሄዳል። አጎቷን ለማዘዝ ግን አፏ እሺ አይላትም።

የዛሬው ጭነት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ነው። ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ይወጣል፤ ደረጃው እንደ አንጀት ይጠማዘዛል። አጎቷ ከላይ ሆኖ የኋሊት እየወጣ ይስባል። እሷና ዝሆኑ ከታች፣ መስታወቱ አፍንጫቸው ላይ ሆኖ ይገፋሉ። መጠምዘዣው ጋ ሲደርሱ የቁም ሳጥኑ ጫፍ ወደ ግድግዳው አዘመመ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ምናልባት ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ቢሉልኝ..."

ዝሆኑ ክርኑን በግድግዳውና በቁም ሳጥኑ መሃል ማገደ።

"ግድግዳው ተርፏል" አለ በሲቃ። "ስለ ክርኔ አትጠይቁኝ።"

"ልጅቷ ገና የንግግሯ መግቢያ ላይ ናት" አለ አጎቷ ከላይ። "ወንበር ይምጣና ቁጭ ብለን እንስማት?"

መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ላብ ያጠመቀው ፊት፣ "ቢሉልኝ" እንዳለ ያልተዘጋ አፍ። ሳቅ አፈናት። ቁም ሳጥኑም አብሯት ተንቀጠቀጠ።

"አትሳቂ፣ ይወድቃል" አለ ዝሆኑ፣ እሱም እየሳቀ።

እንደምንም መሬት አስነኩትና ሦስቱም ደረጃው ላይ ተዘረፈጡ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሳች።

"ጋሼ፣ ይስሙኝ። ዕቃው ሲነሳ አክብሮቴን እዚህ ደረጃ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መሬት ሲነካ ከነወለዱ እመልስልዎታለሁ።"

"ልትሰድቢኝ ነው?"

"ላዝዝዎት ነው።"

"ለእናትሽ እነግርብሻለሁ።"

"ከወረድን በኋላ ይንገሩብኝ።"

አጎቷ ጢሙን አሻሸ። "ይሁን። ግን እኔም ቃል አለኝ። 'እሺ' ካላልኩ አልሰማሁም ማለት ነው፤ ድገሚው እንጂ አትግፊ።"

አነሱት።

"ግራ።"

"እሺ።"

"ቁም።"

"እሺ።"

"ከፍ። ቀኝ።" 'እሺ' አልመጣም። ግፊቱን ያዝ አደረገችና ደገመችው። "ቀኝ አልኩህ፣ አንተ ሽማግሌ።"

"እሺ፣ እመቤቴ።"

ዝሆኑ ሳቁን ዋጠ፤ ሳቁ ግን በአፍንጫው ወጣ። ቁም ሳጥኑ ያንን ሁሉ ጥምዝምዝ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ አለፈና የልብስ ሰፊዋ ወለል ላይ ጉብ አለ።

በሩ ላይ የማጓጓዣው ባለቤት ቆማለች፤ ሥራቸውን ልታይ ብላ ቀድማቸው መጥታ ኖሯል። እስከ ታች ወርዳ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ተመልሳ ወጣች። መዳፏን አየችው፤ የተቧጠጠ ቀለም አልነካውም።

"ሽማግሌ የተባለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለ አጎቷ ደረቱን ነፍቶ።

"ታዲያ አለቅነቱን ትፈልገዋለህ?"

"ከእሷ ነጥቄ? ትገድለኛለች።"

"እንግዲያው ባለበት ይቆይ" ብላ ሴትዮዋ ወረደች።

ልጅቷ ቃሏን ልትጠብቅ ወደ አጎቷ ጎንበስ አለች። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ በእርስዎ ፊት እንኳን ልናገር..."

"እኔ የምለው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ "ትንሽ ወደ መስኮቱ ቢጠጋስ?"

"ጋሼ፣ ድካሙ ሳይወጣልዎ፣ ደግሞ ላስቸግርዎት ነው..."

አጎቷ የቁም ሳጥኑን ጥግ ከመሬት አላቅቆት ነበር።

"አንስቼዋለሁ" አለ። "ጀምሪ።"