የእንግዳው ጌጅ

ኡሙልኸይር አስራ ሁለተኛን ከጨረሰች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ግን ቃሊቲ ውስጥ እንደሷ የሚበይድ የለም። የበር ብየዳ እንዳይመስላችሁ! አባቷ ረሻድ አስፋልቱ ዳር ሞባይል ይጠግናል፤ እሷም ከስምንተኛ ክፍል ጀምራ ፀጉር የምታክል ሽቦ ስትለጥፍ ነው ያደገችው።

ጋሽ የሺዋስም የፈለጓት ለዚሁ ነው። ጋሽ የሺዋስ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው፤ አሮጌ መጋዘን ግቢ ውስጥ አውሮፕላን ሲሠሩ አስራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አዎ፣ አውሮፕላን! ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ ከእንጨትና ከሸራ፣ ሞተሩ የቮልስ። የሰፈሩ ሰው «ካፒቴን» እያለ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ሰላምታ ይሰጡታል።

ሐሙስ የበረራ ፈቃድ የሚሰጥ መርማሪ ሊመጣ ነው። ሞተሩ ሲሠራ አይቶ ወይ ይፈቅዳል፣ ወይ ፋይሉን ይዘጋል። ግቢው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይፈርሳል። በቃ፣ ሌላ ዕድል የለም።

ማክሰኞ ለት ጋሽ የሺዋስ አንዲት ቀጭን ሽቦ አሳዩዋት።

«ኡሙ፣ ይቺ የሞተሩን ዘይት ሙቀት የምትናገር ናት። እኔ ፊት ያለው ጌጅ፣ ባለ መርፌው መለኪያ፣ ያነባታል። አሁን ከመሃል ቁረጫትና ለሁለት ክፈያት፤ አንዱ ከጎኔ ካለው ወንበር ፊት ወዳለው ጌጅ ይሂድ።»

«አንዱ አይበቃም እንዴ?»

«መርማሪው እኮ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው! እንግዳ አንገቱን አስግጎ የሰው ሰሃን ያያል? የራሱ ይቅረብለት እንጂ።»

«እሺ ጋሽዬ፣ እርጎም ይጨመርላቸው?»

«ምላስሽ! ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ቆረጠች፣ ላጠች፣ ሦስቱን ጫፍ ጠምዝዛ በየደች፣ ላስቲክ አልብሳ በላይተር አሞቀችው። ወላሂ ሥራዋ እንከን የለውም። ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ ሲሞቅ የጋሽ የሺዋስ ጌጅ ዘጠና አለ። የእንግዳውን ጌጅ ስታገናኝ ግን መርፌዋ ሸርተት ብላ ሰባ ላይ ቆመች፤ ጋሽ የሺዋስ ሞተሩ ላይ አጎንብሰው ስለነበር አላዩም።

«ኧረ ወረደች» ልትል አፏን ከፈተች። ግን እነሱ ቤት መብራት የሳቡት ከጎረቤታቸው ከሐጀራ ቆጣሪ ነው። ሐጀራ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ስትሰካ የነሱ አምፖል ይደክማል፤ ይደክማል እንጂ አይጠፋም። የተካፈሉት ነገር ትንሽ ይቀንሳል፣ ማን ይገረማል? ደግሞ ሁለቱም ጌጆች እኩል ሰባ ነበር የሚሉት። ሁለት ምስክር አንድ ቃል ከተናገረ ምን ይባላል? አፏን ዘጋችው።

ሐሙስ መርማሪው መጣ። መገርሳ ይባላል፤ ቀጭን፣ ቦርሳውን ከእጁ የማይለቅ ሰው። ጋሽ የሺዋስ ኮታቸውን ለብሰው ጎን ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ይኸው፣ ይሄ ጌጅ የእርስዎ ነው።»

«እንዲህ ተዘጋጅተው ነው የጠበቁኝ?» አለ መገርሳ ፈገግ ብሎ። «እሺ፣ ሙሉ ጉልበት ይስጡት። አስር ደቂቃ።»

ሞተሩ ጮኸ፣ ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ግቢው በር ጋ የቆመችው ኡሙልኸይር የሚቃጠል ዘይት ሸተታት። «ያጥፉት! ጋሽዬ ያጥፉት!» ብትል ማን ሰምቷት። ጋሽ የሺዋስ ጌጁን አዩ፤ ሰማንያ። መገርሳም የራሱን አየ፤ ሰማንያ። ሁለቱም ተረጋግተው ቁጭ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣና የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ቀጥ አለ። ጋሽ የሺዋስ ወርደው በሁለት እጃቸው ሊያዞሩት ታገሉ። ንቅንቅ የለም፤ ሞተሩ ከውስጥ ተጣብቋል።

መገርሳ ከቦርሳው የራሱን የሙቀት መለኪያ አውጥቶ ዘይቱ ያለበት ላይ አነጣጠረ። መቶ ሠላሳ ስምንት። ጎንበስ ብሎ ሽቦውን በጣቱ ተከተለና ላስቲኩ ጋ ቆመ።

«ይሄን ለሁለት የከፈለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ የሺዋስ ቶሎ ብለው።

«ይቺ የሙቀት ዕቃ አንድ ጌጅ እንዲያነባት ነው የተሠራችው። ሁለት ሲያነቧት ሁለቱም ቀዝቅዟል ይላሉ። እኩል ነው የሚዋሹት። እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ሳይጣበቅ ያጠፉት ነበር።» ፋይሉን ከፍቶ መዘጋቱን ጻፈና አስፈረማቸው። «አዝናለሁ ጋሼ። እውነቴን ነው።»

ሄደ።

ኡሙልኸይር ቀረብ አለች። «ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ማክሰኞ አይቻታለሁ። ስትወርድ።»

«ስንት ወረደች?»

«ሃያ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተካፍለው መስሎኝ ነው… እንደ መብራት።»

ቢሰድቧት በወደደች። ቀስ ብለው አውሮፕላኑ ላይ ወጥተው ጎን ወንበሩ ላይ፣ እንግዳው የተቀመጠበት ላይ፣ ተቀመጡ። ውሃ አመጣችላቸው፤ ተቀበሏት፣ አልጠጡትም።

«አባትሽ ይፈልግሻል፤ ሂጂ።»

«ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ምን ልትሠሪ?»

ተቆጥተው አይደለም የጠየቋት፤ የምር ነው። ክንፉን አየች፣ ሞተሩን አየች፣ የሚሠራ ነገር ፈለገች። እሳቸውም መልሷን ይጠብቁ ነበር።